ኢልፌኒዝ የለቀመችው ለውዝ

ኢልፌኒዝ በሄይቲ፣ በካፕ ሃይሲየን ከተማ ገበያ ለሃያ ዓመት የለውዝ ቅቤ ሸጣለች። ቅቤዋ ሚጥሚጣ አለበት፤ እሷም አፏ አይተኛም።

በአንድ ክረምት አንድ ጆንያ ለውዝ እርጥበት መታባት። በጣም የሻገተውን አንድ ጭብጥ ለዳክዬ ጫጩቶቿ በተነችላቸው። ከዘጠኙ ስድስቱ ሞቱ። አንድ የከብት ሐኪም አይቶ፣ “ሻጋታው መርዝ አለው፤ ቢቆላም ቢፈጭም አይለቅም” አላት።

ኢልፌኒዝ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። “እኔ ሰዉን ምን ሳበላ ነው የኖርኩት?”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለውዙን አንድ በአንድ ትለቅም ጀመር። ከየጆንያው ብዙ ስለሚጣል፣ በአንድ ጠርሙስ ዋጋ ላይ በአገሩ ገንዘብ ሃያ አምስት ጉርድ ጨመረች።

“ምን ከተትሽበት? ወርቅ?” አለች የድሮ ደንበኛዋ ቴርሲሊያ።

“ምንም አልከተትኩ፤ ያወጣሁት አለ እንጂ።”

“ቀንሰሽ ነው ታዲያ የምታስወድጂብን?”

ገበያው በሳቅ አወካ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ጠርሙስ እንኳ አልተሸጠም። ጎኗ የምትቀመጠው ሲዶኒ ግን በድሮው ዋጋ ቸብችባ በጊዜ ቤቷ ትገባ ነበር።

በአራተኛው ቀን ኢልፌኒዝ የለቀመችውን ግም ለውዝ በነጭ ሳህን ሞልታ መጣች። የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ አረንጓዴ አቧራ የለበሰ ነው።

“ኑ እዩ! ከሆዳችሁ ያስቀረሁላችሁ ይኼ ነው! በድሮው ዋጋ የሚፈልግ ካለ ቅር አይለኝም፣ አንድ ጭብጥ መልሼ እፈጭለታለሁ!”

ቴርሲሊያ ጎንበስ ብላ አየችና አፍንጫዋን ያዘች። ቦርሳዋን ከፈተች።

“ለልጅ ልጄ ከተለቀመው አንድ ስጪኝ። ለባሌ ለኖክሌስ ግን የድሮው ይበቃዋል። የሱ ሆድ ድንጋይም ይፈጫል።”

“በነፃም አልሰጥሽ! ደግሞ የቀብሩ ወጪ ከሃያ አምስት ጉርድ ይበልጥብሻል።”

በማግስቱ ኖክሌስ ራሱ ባርኔጣውን ደፍቶ ከተፍ አለ። “እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ሚስቴ ለኔ የትኛውን ነው የገዛችው?”

“ለአንተ ምንም አልገዛችም ጋሼ።”

“አውቄዋለሁ! ጠርሙሱን እኮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች!”

ለራሱ ሁለት ገዛ። ገዝቶም አልሄደ፤ ሳህኑ አጠገብ ቆሞ፣ ለውዙን የለቀመው እሱ ይመስል፣ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ ሻጋታ ሲያሳይ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አንድም ጠርሙስ አልተረፈም።

ሁሉም ሰው አልመጣም፤ ርካሹን የሚፈልግ አሁንም ሞልቷል። ሲዶኒ ግን ደንበኞቿ ሲቀንሱባት በሁለተኛው ሳምንት ባዶ ሰፌድ ይዛ መጣች። አሁን ጠዋት ጠዋት አብረው ይለቅማሉ፣ አብረውም ይነታረካሉ።

“ይቺ ደግሞ ምን ሆነች ብለሽ ነው የምትጥያት?” ትላለች ሲዶኒ።

“እስቲ ብያት!”

ሲዶኒ ለውዟን አገላብጣ ታያታለች፤ ትንሽ ታስባለች፤ ከዚያ ወደሚጣለው ትወረውራታለች።