የካኔማትሱ ባለ ሦስት እግር መኪና

ቶኩጂ ሚኖዋ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የሞተርን ሕመም በጆሮው ይለያል፤ ከሰው ጋር ግን ውሃና ዘይት ነው። በተለይ ከላይኛው ቤት ከካኔማትሱ ጋር ሆድና ጀርባ ከሆኑ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ከቤት ወደ ቤት በእጅ የሚዞረው የሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ እንኳ በሁለቱ መካከል ሲደርስ አጥር ላይ ተሰቅሎ ነው የሚተላለፈው።

ጠቡ የውሃ ነበር። በድርቁ ዓመት ሩዙ ሲደርቅበት ቶኩጂ በመንደሩ ስብሰባ መካከል ተነሥቶ ካኔማትሱን የውሃ ሌባ አለው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦዩ ሲጠረግ ውሃውን ያሰረገው የፍልፈል ጉድጓድ ሆኖ ተገኘ። ይህን ቶኩጂም ያውቃል፣ መንደሩም ያውቃል። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ከጉሮሮው ወይ ፍንክች አለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሩዝ ተተክሎ ሲያበቃ ካኔማትሱ በሰሌዳው ላይ ማስታወቂያ ጻፈ። በጎተራው ያለችውን ባለ ሦስት እግር የጭነት መኪና ዓርብ ዕለት ቁራሌ ይወስዳታል፤ የሚፈልጋት ካለ ቀድሞ ይምጣ ይላል። ለማን እንደተጻፈ ያልገባው የመንደሩ ሰው የለም። ሁለቱ ጠበኞች በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከካኔማትሱ አባት ተደብቀው እስከ ወንዙ ድልድይ እየነዱ መንዳት የተማሩት በእሷ ነው። ቶኩጂ ሊያድሳትና አንድ ቀን እንኳ በዚያ ድልድይ ላይ ሊነዳት ልቡ ቋመጠ።

ሚስቱ ዮሺኖ፣ ከሄድክ አይቀር አፍህን ክፈትና ተገላገል ብላ ሸኘችው። እሱ ግን ሐሙስ ጠዋት ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ገብቶ መኪናዋ ሥር ተንጋለለ። ወለሉ በስብሷል፣ የጋቢናው እንጨት በምስጥ አልቋል፣ ዶሮም አድሮባታል። ሻንሲዋ ግን ደህና ነው፤ ሞተሩም በእጅ ሲያዞሩት ይዞራል። ይህን ሲያይ ደስታውን ለመደበቅ ፊቱን አኮሳተረ።

«ስንት ትላለህ?» አለ።

«በነፃ ውሰዳት» አለው ካኔማትሱ።

የቶኩጂ ደም ፈላ። እኛ መንደር የነፃን ያህል ውድ ነገር የለም። በነፃ የተቀበለ ሰው በየበጋውና በየዓመቱ መጨረሻ ስጦታ ተሸክሞ በሰጪው ደጅ ሲያጎነብስ ይኖራል።

«በገንዘብ ካልሆነ አልፈልግም።»

«ገንዘብህ ለራስህ። እኔ የምፈልገውን ታውቀዋለህ። አንድ ቃል ናት።»

«ላንተ የሚሆን ቃል የለኝም።»

«እንግዲያው ቁራሌ ይብላት» ብሎ ካኔማትሱ የጎተራውን በር ዘጋበት።

ዓርብ ዕለት ቶኩጂ ከመንደሩ በታች መታጠፊያው ላይ ጠበቀና መኪናዋን እንደተጫነች ከቁራሌው ገዛት። ጠላቱን ያለ አንዲት ቃል አሸነፈ፤ እቤቱ እስኪደርስ ብቻውን ሲስቅ ነበር። ግቢው ስትራገፍ ወረቀቷን ጠየቀ። ቁራሌው፣ ለብረት ደግሞ ምን ወረቀት ያስፈልገዋል ብሎት ሄደ። የስም ማዛወሪያው ላይ ባለቤቷ ካኔማትሱ በፊርማ ፋንታ የሚያትምበትን የግል ማኅተሙን ካላሳረፈ ታርጋ የለም፤ ታርጋ ከሌለ መንገድ የለም። ይህን ሲሠራበት የኖረ ሰው እንዴት ዘነጋው? እልህ ነዋ።

ሁለት ዓመት ለፋባት። ሻንሲዋን በየዳ፣ ጋቢናዋን በዝግባ እንጨት ሠራ፣ እንደ ጥንቷ አረንጓዴ ቀባት። መኪናዋ አዲስ ሆነች። አሁን በየእሑዱ ጠዋት ያስነሣትና ከጋራዡ እስከ ግቢው በር ይነዳታል። መንገዱ አሥራ አንድ ሜትር ነው።

ካኔማትሱም ድምጿን ሲሰማ ይወርዳል። ከበሩ ውጪ መንገዱ ላይ ይቆምና ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ያገላብጣል።

«ድልድዩ አሁንም እዚያው ነው» አለው ያለፈው እሑድ። ማሾፉ አልነበረም።

የቶኩጂ አፍ ተከፈተ። ከዚያ አፉን ዘጋና ማርሹን ወደ ኋላ አስገባ።