ቅርጫ፣ ስምንት መደብ

በ2008 ዓ.ም.፣ ከገና በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ላይ ወጣቶች መኪናችንን አስቆሙ። ሦስት ነበርን። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ከመኪናው የተወሰደው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የገና ጾም በተፈታ ቁጥር ሦስታችን አንድ ቅዳሜና እሁድ በመብላት እናሳልፍ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ መኪና ያለውም እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰበታ ተወልዶ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ያስተምራል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፣ ጋዜጠኛው።

በዚያ ዓመት ሐሳቡን ያመጣው አስተማሪው ነው። አጎቱ ግቢ በሬ ይታረዳል፤ ስምንት ሰው ቅርጫ ይገባል፤ እኛ ሦስቱ እንሆናለን። ገና ሐሙስ ዋለ፤ ማግስቱ አርብ ስለሆነ ቅርጫው ለቅዳሜ ተቀጠረ። ቅዳሜ ሰበታ ሥጋ፣ እሁድ ጠዋት ሱሉልታ እርጎና ለጋ ቅቤ፣ እሁድ ምሳ ቡራዩ የበግ ጥብስ።

«አዲስ አበባን በሆዳችን ልንከባት ነው» አለኝ ነጋዴው በስልክ። «ካርታ አውጣልን።»

አወጣሁ። ነጭ ወረቀት መሐል አዲስ አበባን በክብ ሳልኩ፤ ዙሪያዋን ሦስቱን ከተሞች አስቀመጥኩ፤ በቀስት አያያዝኳቸው። ከሰበታ አጠገብ «ቅርጫ፣ 8 መደብ» ብዬ ጻፍኩ። ከላይ በትልቁ «ማስተር ፕላን» የሚል ርዕስ ሰጠሁት።

በእነዚሁ ከተሞች ያ የመንግሥት ዕቅድ ስም ምን እንዳስከተለ የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ገበሬው መሬቴ ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለል ነው ብሎ ፈርቷል፤ ተማሪው መንገድ ዘግቷል፤ ተተኩሷል፤ ሰው ሞቷል። ከኅዳር ጀምሮ የምጽፈው ስለዚሁ ነበር። በየቀኑ የሚጽፉት ቃል እየቀለለ ይሄዳል። ይህን እንደ ምክንያት አላቀርበውም፤ የሆነው እንዲህ ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ አስተማሪው ደወለ። «መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው፤ ነገን አላውቅም። ከአምስት ሰዓት በፊት ግቡ። ከዚያ በኋላ ይዘጋል እየተባለ ነው።»

ቅዳሜ በአራት ሰዓት ተኩል ከሰበታ በፊት ያለችው ዓለም ገና ከተማ ደርሰን ነበር። እዚያ ዱለት የሚያሳምር ቤት አለ። ነጋዴው ለአፍ ማሟሻ ያህል ብሎ አስቆመን። ሁለተኛውን ሰሃን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እስኪመጣ ድረስ ከአስተናጋጁ ስለ መንገዱ እየጠየቅኩ ስጽፍ ነጋዴው ሳቀብኝ።

«ዛሬ እንኳ ደብተርህን ተወው፤ ዱለት ቃለ መጠይቅ አይሰጥም።»

ስድስት ሰዓት አልፎ ተነሣን። አስተማሪው ሰበታ አደባባይ ቆሞ ጠበቀን። «ዘገያችሁ» ብሎ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከከተማው ስንወጣ መንገዱ ባዶ ነበር። በዚያ ወቅት መንገድ ዳር እሸት ሽምብራ በእቅፍ እየያዙ የሚሸጡ ሴቶች ይሰለፋሉ። በዚያ ቀን አንዲትም አልነበረችም።

«ሽምብራዎቹ የት ሄዱ?» አለ ነጋዴው።

አስተማሪው መስኮቱን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገና ፊቱ ከውጭ እንዲታይ ክርኑን አወጣ።

መንገዱ ላይ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ፣ ከጎኑና ከፊቱ ድንጋይ። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ዱላ ይዘዋል። አስተማሪው ገና ሳይደርሱብን «አከም ጅርቱ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

«ነጋ፣ ቲቸር» ብሎ አንዱ ሰላምታውን መለሰ። «ወዴት ነው?»

«አጎቴ ግቢ። ቅርጫ አለን።»

«ለኛስ?»

«አንተ መጀመሪያ ሒሳብ እለፍ።»

ሳቁ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ማንከባለል ጀመሩ። በዚህ መሐል አንድ ረጅም፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ወጣት በነጋዴው መስኮት በኩል ወደ ውስጥ አየ። ወረቀቴ መሪው ፊት ለፊት መስታወቱን ተደግፎ ቆሟል።

«ኩን ማሊ?» አለ። ምንድን ነው ይሄ ማለቱ ነው። መልስ ሳይጠብቅ እጁን ሰድዶ አነሣው፤ ጮክ ብሎ፣ ቀስ እያለ አነበበው። «ማስተር ፕላን። ሰበታ። ቅርጫ። ስምንት መደብ።»

ድንጋዩን ሲያንከባልሉ የነበሩት ቀና አሉ።

ቅርጫ በሬ አርዶ መካፈል ነው፤ መደቡም የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ። በዚያ ሰሞን ግን እዚያ አካባቢ ሰው ስለ መሬት ሲያወራም በዚሁ ቃል ነበር፤ እንደ ቅርጫ ተከፋፈሉን ይል ነበር። ይህንንም ከገበሬዎች አፍ ሰምቼ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ በጋዜጣ አውጥቼዋለሁ።

«ቀልድ ነው» አለ ነጋዴው።

«ምኑ ነው ቀልዱ?» ረጅሙ ድምፁን አልጨመረም። «ወንድሜ በዚህ ቀልድ ሆስፒታል ተኝቷል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ ከኋላ። «የምንበላው ዝርዝር ነው። ቀጥለህ አንብበው፤ ሱሉልታ እርጎ ይላል።»

አነበበው። «ሱሉልታንም ልትጠጧት ነው?»

አስተማሪው ወርዶ ለረጅም ጊዜ በኦሮምኛ አናገራቸው። ለይቼ የምሰማው ቅርጫ የሚለውን ብቻ ነበር። በመጨረሻ አጎቱ ይጠሩ ተባለ። ሽማግሌው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከማሳው በኩል መጡ፤ እጃቸው ላይ የበሬው ደም አልደረቀም። ስለ ወረቀቱ የነገራቸው የለም።

«አባባ» አላቸው ረጅሙ፣ «ስምንት መደብ የሚባል ነገር ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም! አንዱ የኔ ነው» አሉ። ወደ አስተማሪው በአገጫቸው አመለከቱ። «አንዱ የሱ ነው።»

ከፊሉ ሳቀ። ያልሳቁትም ነበሩ፤ ከኋላ አንዱ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዟል። ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው ተቆጡ። «በሬው ተሰቅሏል፤ ሄዳችሁ ቁጠሩት!» ሁለት ልጆች ሄደው ተመለሱ፤ እውነት ነው አሉ። ግንዱ ግን አልተነሣም፤ ወረቀቱም አልተመለሰም።

«እናንተ ወደ ከተማችሁ ዙሩ» አለን ረጅሙ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «ቲቸር እዚሁ ነው የሚኖረው።»

ዞርን። አስተማሪው ከአጎቱ ጋር በማሳው በኩል በእግሩ ሄደ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ነበር። ወረቀቱ፣ ከጎኑ መኪናው አጠገብ የቆመው አስተማሪ፣ ከሥሩ በሁለት ቋንቋ የተጻፈ ጽሑፍ፤ መሬታችንን ለቅርጫ ያቀረበው መምህር ይህ ነው ይላል።

እሁድ ሱሉልታ አልሄድንም፤ ቡራዩም አልሄድንም። በሚኒባስ ሰበታ ገባሁ። አስተማሪው ቤት ስድስት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነበር። ወረቀቱን ማን እንደጻፈ፣ ለምን እንደጻፈ፣ ሳላስረዝም ነገርኳቸው።

«ጋዜጠኛ ነህ አሉን» አሉኝ አጎቱ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ቃል መምረጥ ሥራህ አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲያ?»

አጎቱ ልጆቹን እናነጋግራለን አሉ። «ግን ነገሩ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ስልክ ደግሞ የሽማግሌ ልመና አይሰማም።» ከዚያ ሌላኛው ሽማግሌ ጠዋት ያዩትን ተናገሩ። ሁለት የማይታወቁ ሰዎች ገበያው አጠገብ ሲጠይቁ ነበር። የጠየቁት ስለ መሬት አልነበረም፤ ማስተር ፕላን የሚል ወረቀት የሚበትነው አስተማሪ ቤቱ የት ነው ብለው ነው። አንዱ ወገን መሬት ሻጭ አድርጎታል፤ ሌላው ደግሞ ሕዝብ ቀስቃሽ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አብሮኝ አዲስ አበባ እንዲመጣ ለመንኩት።

«ነገ ከትምህርት ቤት ከቀረሁ ጥፋቱን አምኛለሁ ማለት ነው» አለኝ። «ደግሞ ፈተና አለ። ጥያቄውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ለአንድ ሳምንት ብቻ።»

«አንተ ብትሆን ትቀራለህ?»

ሥጋችንን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፤ የነጋዴውንም የኔንም። መናኸሪያ ድረስ አልሸኘኝም፤ አብረን ባንታይ ይሻላል አለ።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ደወለ። «ገባሁ። ሰላም ነው። ረጅሙ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሰላም አለኝ።» አምስት ሰዓት ላይ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ማታም ዝግ ነበር።

ማክሰኞ ሰበታ ሄድኩ። ይመለከታቸዋል ያልኳቸውን የፖሊስና የጸጥታ ቢሮዎች አንድ በአንድ ጠየቅኩ፤ ሁሉም እኛ ጋ የለም አሉ። ዕቅዱ ቀርቷል የሚለው ዜና በሬዲዮ የተነገረው በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ አስተማሪው የሰማሁት ብዙ ነው፤ ያረጋገጥኩት ግን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ማክሰኞ ያሳየኝን ነው። በበሩ መዝገብ ላይ፣ በሰኞ ገጽ፣ ስሙ አለ። መውጫ፣ አራት ሰዓት ከአምስት። ምክንያት፣ ለጥያቄ። አብረው የወጡ፣ ሁለት እንግዶች። መመለሻ በሚለው ዓምድ ሥር ምንም አልተጻፈም።