ላስቲክ ለትልቋ

ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ሳገባ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። የልጆቹ እናት ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል። ባሌ ጎጃም በረንዳ ቅቤና ማር ይነግዳል፤ ቤታችን ተክለ ሃይማኖት፣ አምስት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ሰዎች "የእንጀራ እናትነት ከባድ ነው፣ አስቢበት" ሲሉኝ ሳቅኩባቸው። መርካቶ ተወልጄ፣ እናቴ ሸማ ተራ ስትሸጥ ከጎኗ ተቀምጬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከነጋዴ ጋር ተከራክሬ የተረታሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሦስት ልጅ ምን ያቅተኛል ብዬ ገባሁ።

ሁለቱ አላስቸገሩኝም። ትንሿ አራት ዓመቷ ነው፤ በገባሁ ሳምንት ቀሚሴን ይዛ ስዞር መዞር፣ ስቀመጥ መቀመጥ ጀመረች። ወንድሟ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ያበላው ሁሉ ዘመዱ ነው። ያቃተችኝ ትልቋ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አልሰደበችኝም፣ አላኮረፈችኝም፣ ያዘዝኳትን አንድ ቀን እንቢ አላለችም። ግን "እርስዎ" ነበር የምትለኝ። "ምሳ ቀርቧል፣ ይታጠቡ።" "ደክሞዎታል፣ ይቀመጡ።" ጎረቤቶቼ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሰጠሽ!" ይሉኛል። ልጅ እናቱን "አንቺ" ነው የሚላት፤ "እርስዎ" ለንስሐ አባትና ለቤት አከራይ ነው። ልጅቷ እጅ ነስታ፣ አክብራ፣ ደጅ ላይ አቁማኝ ነበር።

እኔም እንዳትቀየመኝ ብዬ በጨዋነቷ ልክ ጨዋ ሆንኩ። "ፀጉሬን ልሠራ?" ስትለኝ "እንደ ወደድሽ።" "ወጡን ላውርደው ወይስ ይቆይ?" "እንደ ወደድሽ።" ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት አማቶች ኖርን። ኅዳር ሲያልቅ ግን ለአባቷ ናዝሬት የእናቷ እህት ጋ መሄድ እንደምትፈልግ ነገረችው። ከገና በኋላ አክስቷ መጥታ ትወስዳታለች፤ የቀረውን ትምህርቷን እዚያው ትማራለች። ባሌ ይህን ሲነግረኝ "እኔ ምን አጠፋሁ? ምን አለች ስለ እኔ?" አልኩት። "ምንም። 'እትዬ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ላስቸግራቸው አልፈልግም' ነው ያለችው" አለኝ።

ገረድ እንኳ ስትሰናበት እንዲህ አትልም። ሰው "አባረረቻት" እንደሚለኝ አውቄያለሁ፤ የቆጠቆጠኝ ግን እሱ አይደለም። ልጅቷን ወድጃት ነበር። ወጥ ስትቀምስ አንድ ዓይኗን ጨፍና የምታስብበትን ሁኔታ ወድጄው ነበር። እንድትሄድ አልፈለግኩም፤ አትሂጂ ለማለት ደግሞ ማን ነኝ? የቀረኝ ገና ብቻ ነው። በአንድ በዓል፣ በአንድ ስጦታ ልቧን ላገኘው ቆረጥኩ።

በዚያ ቤት የገና ስጦታ ማለት ጣቃ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም፤ ለባሌ ከቀበሌው ሱቅ በዕጣ አንድ ጣቃ ከደረሰው እሱን ለልብስ ሰፊ ይሰጥና ለሦስቱም ከአንድ ጨርቅ ያሰፋል። "ልጅ አይበላለጥም" ይላል። ልብሱ ሁሉ ሁለት ቁጥር ይሰፋል፤ "ያድጉበታል።" ባለፈው ዓመት የደረሰው የበሰለ ጎመን የሚመስል አረንጓዴ ነበር፤ ከትርፉ መጋረጃ ተሠራ። ልጁ መስኮቱ ጋ ከቆመ ፊቱ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ አንድ ቀን ቤት አልገባ ብሎ ስጣራ ስጣራ ቆይቼ፣ ለካ መጋረጃው ላይ ተደግፎ ዳቦ ይበላል።

"ዘንድሮ ስጦታውን ለእኔ ተወው" አልኩት ባሌን።

"ብቻ እኩል ይሁን።"

"የአራት ዓመት ልጅና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሚዛን ላይ እንኳ ቢወጡ እኩል አይሆኑም" ብዬው ወጣሁ።

የእናቴ ዘዴ ነበረኝ። ሸማ ተራ ደንበኛ ሲመጣ "ምን ልስጥዎት?" አትልም፤ ቀድማ እጁ የትኛውን ጨርቅ እንደሚዳስስ ታያለች። እኔም ልጆቹን አየኋቸው። ልጁ ሌላ ሥራ የለውም፤ አንድ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ በመንደሩ ቁልቁለት ራሱን እየገፋ ይወርዳል፣ ሱሪው አልቋል። ለሳንቃው ጎማ የሚሆን ፍለጋ ምን አለሽ ተራ ሄድኩለት። ከብረት ክምር መሐል የተቀመጠው ሰውዬ ከካሚዮን የተፈታ ኩሽኔታ በዘይት ለውሶ አቀረበልኝ።

"እህቴ፣ ይሄ ቅቤ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ምን የለው።"

በጣቴ አሽከረከርኩት። እውነትም ዝም ብሎ ይዞራል። "ወንድሜ፣ የጋሪ ኩሽኔታ ካልጮኸ ልጅ ምን ያደርግለታል? ዘይት ያለውን መልስና ደረቁን ስጠኝ" አልኩት። እየሳቀ ለጆሮ የሚከብዱ፣ የሚያፏጩ አራት ኩሽኔታዎች አወጣልኝ። ጎረቤቶቼ እስኪሞቱ አይምሩኝም፤ ስጦታው ግን የወርቅ ነበር።

ትንሿ ደግሞ ያገኘችውን ሁሉ ታዝላለች። ጠርሙስ ታዝላለች፣ የጫማ ብሩሽ ታዝላለች፣ አብዝታ የምትወደው ግን ዘነዘናውን ነው። በነጠላ አስራው ግቢውን ስትዞር እየወደቀ ጣቷን ሊሰብር ነው። ዘመድ አዝማድ ሁሉ "አሻንጉሊት ግዢላት" ይለኛል። ልጅማ አላት፤ የሌላት አንቀልባ ነው። የቆዳ ዕቃ የሚሸጡ ሽማግሌ ጋ ሄጄ ትንሽ፣ ዛጎል ያለበት አንቀልባ እንዲሰፉልኝ ጠየቅኳቸው።

"ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ፣ ዘነዘና ነው።"

ሽማግሌው ትንሽ አዩኝ፣ ከዚያ የዘነዘናውን ቁመት በክንዳቸው እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ዋጋውን እንኳ አላስከራከሩኝም፤ በመርካቶ ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ትልቋ ላይ ዘዴዬ ከዳኝ። እጇ ምንም አይዳስስም። ታጥባለች፣ ትጠርጋለች፣ ትንሿን ታዝላለች። ባለ ሱቆቹን ብጠይቅ "ድስት ግዢላት፣ ነገ ልትዳር አይደል?" ይሉኛል። እኔም ተሳስቼ ቀጭን ጥለት ያለው የወይዘሮ ነጠላ ገዛሁላት። ያን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ነው ከግቢያችን ጀርባ ካለው ጠባብ መንገድ ላይ ያየኋት።

የሠፈር ልጆች ሱዚ ይጫወታሉ። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ቆመው ረጅም ላስቲክ በእግራቸው ዙሪያ ይወጥራሉ፣ ሦስተኛዋ መሐል ገብታ ትዘላለች፤ ላስቲኩን ያላግባብ የነካ ይወጣል። የእኛዋ ልጅ ቆማ ትወጥራለች። ትንሿ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች፣ ዘንቢሉ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። አንዷ ወጥታ ሌላዋ ትገባለች፤ የእሷ ተራ ግን አይደርስም፣ ማንም "ዝለይ" አይላትም። እኔ ግን እግሯን አየሁት። የምትዘለዋ ልጅ በዘለለች ቁጥር የእሷ ተረከዝ ከጫማዋ ውስጥ ብድግ ይላል። ከንፈሯ ይቆጥራል። ዞር ብዬ አለቀስኩ። ወይዘሮ ሆና የተወለደች ይመስል ነጠላ ገዝቼላት!

ያን ነጠላ ለራሴ አደረግኩት። ተመልሼ ክርና ቁልፍ ከሚሸጡት ዘንድ ገባሁና ነጭ የቀሚስ ላስቲክ፣ ያለ ቋጠሮ፣ አንድ ወጥ አድርገው እንዲቆርጡልኝ ለመንኩ። ኳስ ያለው ልጅ ከጨዋታ አይወጣም፤ ላስቲክ ያላትም እንደዚያው ናት። ባሌ ሲያየው ግንባሩ ተቋጠረ። "ለትልቋ ይሄ? አሥራ ሦስት ዓመቷ እኮ ነው። ቅር ይላታል።" የተናገረው ፍርሃቴን ስለሆነ ተቆጣሁት።

የገና ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ፆም ከፈታን በኋላ ስጦታውን ሰጠኋቸው። ልጁ ኩሽኔታዎቹን አቅፎ ሳያመሰግነኝ በረረ። ትንሿ ዘነዘናዋን አዝላ አጥሩን እየዞረች ለየጎረቤቱ "ልጄ ነው፣ ተኝቷል" ትላለች። ትልቋ ላስቲኩን ተቀብላ እጇ ላይ አየችው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመዋል" አለችኝ። አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችውና ሳህን ልታጥብ ወጣች። አለቀ፣ ሄደች አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር አለ። ሰው ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ከቤት ስወጣ ትልቋ ላስቲኩን አውጥታለች! ከአንዲት የጎረቤት ልጅ ጋር ናት፤ አንዱን ጫፍ ልጅቷ ይዛለች፣ ሌላውን ከውሃው በርሜል ጋር ሊያስሩት ይታገላሉ፤ በርሜሉ ወፍራም ነው፣ ላስቲኩ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ጫማዬን አወለቅኩ፣ የበዓል ቀሚሴን ሰበሰብኩ፣ ገብቼ ቆምኩ።

"ኧረ እርስዎ አይቁሙ!"

"ዝለይ።"

"ቀሚስዎ አቧራ…"

"ዝለይ ብዬሻለሁ!"

ዘለለች። ቁርጭምጭሚት ላይ ጀመረች፣ ጉልበት አለፈች፣ ታፋ አለፈች። ያቺ ሳህን አጣቢ፣ ያቺ አሮጊት ልጅ፣ ከመሬት ስትነሳ ፀጉሯ ተፈታ። እንዲህ የምትዘል ልጅ በሠፈሩ አልነበረችም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆማ ስታይ ተምራዋለች። ወገብ ላይ ነክታ ወጣች። ቀጥሎ ጎረቤቷ ልጅ፣ ቀጥሎ እኔ። "እኔስ ተራ የለኝም?" ብዬ ገባሁ።

አሁን እውነቱን ለመናገር፣ ሱዚ ላይ ልጅ ሆኜም ሌባ ነበርኩ። ጉልበት ላይ ስደርስ ተረከዜ ላስቲኩን ጎተተው። "አልነካሁም!" ብዬ መዝለሌን ቀጠልኩ።

"ነክተሻል!" ብላ ጮኸች ትልቋ። "ነክተሻል፣ አይቼሻለሁ! አንቺ፣ አታጭበርብሪ!"

በግቢያችን በዕድሜ ትልቋ የነበሩት ሴትዮ ከበራቸው ብቅ አሉ። "ምን ጉድ ነው! እናትሽን የምታክለዋን ሴት ነው 'አንቺ' የምትያት? አሳዳጊ የበደለሽ!"

አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። በዚያን ቀን በበደሌ የኮራሁትን ያህል በምንም ኮርቼ አላውቅም። "እማማ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ! ይተዉን፣ እየተጫወትን ነው!" ብዬ ጮህኩ።

ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛለች። "ይቅርታ፣ እርስዎን…"

"እሱን ተይውና ፍረጂ። ነክቻለሁ ወይስ አልነካሁም?"

ብዙ አየችኝ። ከዚያ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች። "ነክተሻል" አለች፣ ቀስ ብላ። "በደንብ ነው የነካሽው።"

"እንግዲያው ውጪ በይኛ።"

"ውጪ!" አለች፣ በሙሉ ድምፅዋ፣ እየሳቀች። ወጥቼ ተራዬን ቆምኩላት። ደስታዬን የምነግረው ሰው ባጣ ለቆመችው የጎረቤት ልጅ "ተረታሁ!" አልኳት።

አክስትየዋ ከናዝሬት የመጣችው ከጥምቀት በፊት ነው። የልጅቷ ልብስ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ በጨርቅ ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከገና ወዲህ "አንቺ" ብትለኝም መሄዱን አንስተን አልተነጋገርንም፤ ፈርቼ ነው። ምሳ በልተን እጅ ከታጠብን በኋላ አክስቷ "በይ ልጄ፣ እንሂድ?" አለቻት።

ልጅቷ ለአክስቷ አልመለሰችም። ወደ እኔ ዞረች። "ምን ትያለሽ? ልሂድ?"

"እንደ ወደድሽ" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዓይኗን አየሁት። ማንም ሰው፣ እኔም አባቷም፣ አንድ ቀን እንኳ እንቢ ብለናት እንደማናውቅ ያን ጊዜ ገባኝ። ማንም "ቅሪ" አላላትም።

"አትሄጂም" አልኩ። ድምፄ ከሚገባው በላይ ወጣ። "ማን ፈቅዶልሽ? ትምህርትሽን ጥለሽ የትም አትሄጂም!"

ልጅቷ ፊቷን አጨፈገገች፣ ጥቅልሉን ከደጃፉ አነሳች፣ "ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ! ሁልጊዜ እንቢ ነው!" ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን በላያችን ላይ ስትወረውረው ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። እንቢ ስላት የመጀመሪያዬ ነበር።

አክስትየዋን በፍርሃት አየኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች የተዘጋውን በር ረጅም ጊዜ ተመለከተች፤ ከዚያ ፈገግ አለች።

"እናቷም ላይ እንዲህ ነበር የምትዘጋው" አለችኝ።