ጨው ቀማሿ

«ሌላ ሰው ፈልጊ አልኩሽ እኮ፣ ሕይወት።»

«አልፈልግም። ሰው ክርስትና አንሺልኝ ሲባል ደስ ይለዋል እንጂ እንዲህ ፊቱን ያጠቁራል? ወይስ ልጄ ገና በሰማንያ ቀኗ አስቀይማሻለች?»

«አላስቀየመችኝም። እኔ አልሆናትም።»

«ለምን? አንድ ምክንያት ስጪኝና ኸላስ፣ በቃ እተውሻለሁ። እዚህ አገር ከማውቃቸው ሴቶች ጾም ስታፈርስ ያላየኋት አንቺን ብቻ ነው፣ ሶሲ።»

ልጅቷ አልጋዬ ላይ በሁለት ትራስ መሃል ተኝታለች። ሕይወት የክርስትናውን ነጭ ቀሚስ ታጥፋለች፣ መልሳ ትዘረጋለች። ሻርጃ፣ አል ተዓውን ካለው ክፍሌ መስኮት ሥር ወደ ዱባይ የሚሄዱት መኪኖች እንደ ሁልጊዜው ቆመው ነበር። እኔ ግን የሰማሁት የመጨረሻ ቃሏን ነው። «ያላየኋት» ያለችው እውነቷን ነው። ማንም አላየኝም።

በኮሮና ሁለተኛ ዓመት ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አል ናህዳ፣ የሻርጃና የዱባይ ድንበር ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ሦስት ሴቶች በአንድ ክፍል ቤድ ስፔስ፣ የየራሳችንን አልጋ ብቻ ተከራይተን እንኖር ነበር። ቤተ ክርስቲያን እንደ ልብ አይኬድም፤ ስለዚህ ከሥራ ስንመለስ ክፍላችን ውስጥ ጸሎት የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ባቋርጥም ቃላት እሺ ይሉኝ ነበር። መንፈሳዊ ግጥም እየጻፍኩ፣ ድምፄን በስልክ እየቀዳሁ፣ እንደኛው ሰው ቤት ለሚሠሩ ሴቶች እልካለሁ። አንዳንዶቹ አልቅሰው መልስ ይልኩልኛል። አብራኝ የምትኖረው አልማዝ «መምሬ» ትለኝ ጀመር፤ ስሙ ጸደቀ። ያኔ የምወደው ጸሎቱን ይሁን መምሬ መባሉን ለይቼ አላውቅም ነበር።

በዚያ ዓመት የዐቢይ ጾም መጨረሻና ረመዳን ገጠሙ። እኔ ዱባይ፣ አል ዋርቃ አንድ ቪላ ውስጥ ምግብ እሠራለሁ። በረመዳን ሥራው ከእኩለ ቀን በኋላ ነው የሚከብደው። ስንዴና ሥጋ አንድ ላይ እስኪሟሟ የሚቀቀለውን ሃሪስ ቆሜ አማስላለሁ፤ ክንዴ ይዝላል፣ የቀረፋና የቅቤ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ማዳም ወደ ኩሽና ብቅ አለችና ማንኪያ ሰጠችኝ።

«ያላ፣ ጨዉን እዪልኝ» አለች በአረብኛ። «እኔ ጾመኛ ነኝ፣ መቅመስ አልችልም። አንቺስ? እናንተም የምትጾሙት አላችሁ መሰለኝ።»

«የለም ማዳም፣ እኔ አልጾምም» አልኳት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በዚያ ዓመት ከየቤቱ የተባረሩት ብዙ ነበሩ፤ ሹግል፣ ሥራ ያላት ሴት ሹግሏን በሁለት እጇ ነበር የምትይዘው። ጨው መቅመስ የማትችል ምግብ ሠሪ ምን ትሠራላቸዋለች ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ብናገር ግን ምናልባት ምንም አይመጣም ነበር። ማዳም ሽንኩርቱን እሳት ላይ ትታ ለስግደቷ የምትሮጥ ሴት ናት። ሹፌሩን ጠርታ ታስቀምሰው ነበር። ደግሞም ፍርሃቴ ሰበብ የሚሆነኝ ለመጀመሪያው ማንኪያ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን መታጠቢያው ላይ ተፋሁት። በሦስተኛው ቀን ዋጥኩት። በሁለተኛው ሳምንት ማንኪያው ተለቀ። ጨው ለማየት አንድ ጊዜ ይበቃል፤ እኔ ሦስት ጊዜ አየሁ። ከዚያ አፌን ተጉመጥሙጬ፣ እንደኔ ያሉ ሠራተኞች በደባል በሚሳፈሩበት መኪና ድንበሩ ላይ ተቀርቅሬ፣ ስልኬ ላይ ስለ ሕማማት ግጥም እጽፋለሁ። ግጥሞቹ ጥሩ ነበሩ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ዘነቡ ወደ ክፍላችን የመጣችው በጾሙ አጋማሽ ነው። ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጣች፣ ከኛ በዕድሜ ከፍ ያለች፣ ዝም የምትል ሴት ናት። አጅማን ሰው ቤት ስትሠራ ኮሮና ያዛት፤ ከለይቶ ማቆያ ስትወጣ አሠሪዎቿ ሌላ ሰው ቀጥረው ጠበቋት። የአልማዝ አገር ልጅ ስለሆነች በአልጋዎቹ መሃል ፍራሽ ዘረጋንላት። ቀሚሷ ተንጠልጥሎባት ነበር። ምላሷ ጣዕም አይለይም፣ አፍንጫዋ አይሸትም፣ ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች። የታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉም አስቀድሜ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ማምሻውን ስገባ አልማዝና ሌላዋ ልጅ ወደ ግድግዳው ዞረው ይሰግዳሉ። ዘነቡ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ፣ መስጊዱ አጠገብ ለማፍጠሪያ ከሚታደለው ምግብ አንድ ካርቶን ይዛለች። ሩዝና የዶሮ እግር።

«ይኸው መምሬ መጣች» አለች አልማዝ፣ ዳኛ እንደ ገባ።

«ዘነቡ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልኳት።

«ሐሙስ።»

«የምን ሐሙስ?»

«አውቃለሁ እኮ እህቴ። ጉልበቴ አልቆም ብሎኝ ነው። ዶሮ ይሁን ድንች ምላሴ አያውቀውም፣ ከሞተ ቆየ።»

«ምላስሽ ቢሞት ዓይንሽ አልሞተም። ማተብሽን ፍቺና ብዪ።»

«ኧረ መምሬ፣ ቀስ» አለች አልማዝ። ግን ፈገግ ብላ ነበር፤ ፈገግታዋ ገፋፋኝ።

ዘነቡ እግሩን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ እጇን ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለነገር አይደለም። እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ዓመት የሰኔ ጾምና ረመዳን ገጠሙና ማዳም ጨው ቅመሺልኝ አለችኝ። እምቢ ማለት አቃተኝ። ቀመስኩ። አፍሬ እስካሁን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። አንቺ ምን ብለሽ ነው የምታመልጪያት?»

ሁለቱም ስግደታቸውን አቁመው ወደኔ ዞሩ። የሃሪሱ ቅባት ጥርሴ ላይ ነበር።

«ክርስቲያን ነኝ፣ ጾም ላይ ነኝ እላታለሁ። በቃ።»

«እሺ ትልሻለች?»

«እሺ ትለኛለች።»

ዘነቡ ራሷን ነቀነቀች። «ይቻል ነበር ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ።

ማተቧን ልትፈታ ሞከረች፤ ቋጠሮው ያረጀ ስለሆነ እምቢ አላት። የጥፍር መቁረጫችንን አንስታ ቆረጠችውና አልጋዬ ብረት ላይ አንጠለጠለችው። «የምችል ስሆን እወስደዋለሁ» አለች። ዕቃዋን ከተተችና የምትሄድበትን ሳትነግረን ወጣች። ማናችንም አልተነሳንም። ስግደቱን እኔው አስቀጠልኩ። ሩዙ እንደ ቀዘቀዘ አደረ።

ይህን ሁሉ ለሕይወት ነገርኳት፤ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ስጨርስ ከሻይ ቆርቆሮዬ ውስጥ የዘነቡን ማተብ፣ ጥቁሩን ክር አውጥቼ አሳየኋት። አልነካችውም።

«አሁን የት ናት?»

«አጅማን። ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች አሉ።»

«ስልኳ አለሽ?»

«አለኝ። አልማዝ ሰጥታኛለች።»

«መቼ?»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

«እና?»

«ግጥም ጽፌላታለሁ።»

ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት። እምነቴ የእውነት ነው ወይስ የአፍ እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን መርምሬአለሁ፤ መመርመሩንም እወደው ነበር፣ ግጥም ይወጣዋልና። ለሕይወት «አልሆናትም» ስላትም እንደ ትሕትና እንዲቆጠርልኝ ነበር የፈለግሁት። የምጠይቀው ነገር መልስ ግን አጅማን ነበረ፣ ከመስኮቴ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ልብስ እየሰፋ።

ሕይወት ነጩን ቀሚስ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልጅቷን እንዳትነቃ ቀስ ብላ አቀፈቻት።

«ጨዉ አልገረመኝም፣ ሁላችንም ቀምሰናል» አለች። «ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ልሸኛት ብነሳ በእጇ ተይው አለችኝ። ክሩ ጠረጴዛው ላይ፣ ስልኬም አጠገቡ ነበር። የዚህ ሕንፃ በሮች በራሳቸው ነው የሚዘጉት፤ በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ሄደ፣ ተዘጋ።