ስክሪኑ የሞተው ላፕቶፕ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ካቻቢቴ ሳይሆን የቀለም ቡሩሽ ነበር። ከፋሽጋ የሰሊጥ አጨዳ ቀጥታ ወደ ገዳሪፍ ገበያ መግባቴ ስለነበር መዳፌ እንደተሰነጣጠቀ ነው። የሱቁ ባለቤት ሓጅ ኢድሪስ እጄን ገልብጠው አዩና፣ «ያ ማሩ፣ ይህ እጅ ብሎን ይጥላል። ለጊዜው አቧራ ይጥረግ» አሉኝ። ሓጅ ሱዳናዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእኛ ሰው ጋር ስለነገዱ አማርኛውን ዓረብኛ እየቀላቀሉ ይናገሩታል።

አቧራ መጥረግን የማያውቅ ይንቀዋል። የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ነው። በበጋ ዱቄት ሆኖ ይነሣል፤ በኸሪፍ፣ ማለትም በዝናቡ ወራት፣ ጭቃ ሆኖ ጫማ ያስቀራል። የኮምፒዩተር ሆድ ሲከፈት ይህ አፈር ማራገቢያውን አፍኖት ይገኛል። ብዙ ማሽን «ሞተ» ተብሎ መጥቶ በቡሩሽ ብቻ ተነሥቷል። ብዙው ደግሞ ተጠርጎም አልተነሣም።

ሱቃችን ማዕረግ ነበረው። ቡሩሽ የያዘ ሰቢ ይባላል፤ ሻይ ያመጣል። መበየጃ የሚይዝ ኡስታ ይባላል፤ ሻይ ይመጣለታል። እኔ ኡስታ ከተባልኩም በኋላ ሻዩን የማመጣው ራሴ ነበርኩ፤ ሓጅ ሌላ ሰቢ መቅጠር አልወደዱማ።

ላፕቶፕ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው እኔ መበየጃ ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ከዓረብ አገር ቢሮዎች የወጣ ያገለገለ ዕቃ በፖርት ሱዳን በኩል በካርቶን ታጭቆ ይመጣል። ያን ጊዜ ሱዳን ማዕቀብ ላይ ናት። ፕሮግራም ከውጭ ልግዛ ብትል ገንዘቡ አይሄድልህም፤ ላውርድ ብትል ገጹ ከሱዳን መሆንህን ያይና ይዘጋብሃል። ሁሉም የሚሠራው በተቀዳ ዊንዶውስ ነበር። ቫይረሱ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እንደ ጉንፋን ይዛመታል። ዛሬ ያጸዳሁት ማሽን በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣና ደንበኛው በእኔ ላይ ይጮኻል።

በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነውን ሊኑክስን ያመጣልን ካርቱም የሚማር አንድ ደንበኛ ነው። ሲዲውን ጠረጴዛዬ ላይ ትቶልኝ ሄደ። ነፃ ነው፣ እንደልብ ይባዛል፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ያ ሁሉ ቫይረስም አይነካውም። ሓጅ ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ነፃ ነገር ማን ይገዛል?»

«እኛ የምንሸጠው ማሽኑን ነው፣ ሓጅ።»

«ማሽኑ አልቀበልም ቢለውስ?»

«የሚቀበለውን መምረጥ ነዋ።»

መምረጡ እንደ አፌ አልቀለለኝም። ከመፋዛ የመጣ አንድ የማሽላ ነጋዴ ገና የወጣ፣ የሚያብለጨልጭ ላፕቶፕ ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ሊኑክስ እንድጭንለት ሰጠኝ። ሻጩ «ዋላሂ ተማም»፣ በአላህ እንከን የለውም፣ ብሎ ምሎለታል፤ በዚህ ገበያ ደግሞ መሐላ ደረሰኝ ነው። ጫንኩለት። ዋይፋዩ ድርግም አለ፤ ክዳኑ ሲዘጋ ይተኛል፣ ሲከፈት አይነቃም። ሰውዬው በዚያ ጭቃ ከመፋዛ ስንቴ ተመላለሰ! ሻጩን ሄጄ ብቆጣው በሳቅ ፈነዳ። አልዋሸም፤ የማለው በዊንዶውስ ይሠራል ብሎ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሓጅ «አንዱ ለነፍስህ፣ አንዱ ለሆድህ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ገበያ ስወጣ፣ የዋጋ ነገር ሳይነሣ፣ ማሽኑን በዚያ ፍላሽ አስነሣዋለሁ። ዋይፋዩ ያያል? ድምፁ ይወጣል? ክዳኑ ተዘግቶ ሲከፈት ይነቃል? የስክሪኑ ብርሃን ሲቀንሱት ይቀንሳል? ሻጩ «አይነካም» ካለኝ ትቼው እሄዳለሁ።

የምመርጠው የቢሮ ማሽን ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ባትሪው በእጅ የሚወጣ፣ ከተሠራ ጥቂት ዓመታት ያለፉት። ገና የወጣ ዕቃ ሲሆን ሊኑክስ ክፍሎቹን እስኪያውቃቸው ጊዜ ይወስዳል፤ የቆየውን ግን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ዋጋውም ይረክሳል። ችግሩ ሰው መልክ ይወዳል። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንዲሉ፣ እኔም «የዳይሬክተር ላፕቶፕ ነው» እያልኩ እሸጠው ነበር።

መምህር አለባቸው የመጡት በዚህ ዘመን ነው። በገዳሪፍ የሐበሻ ልጆች ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራሉ። በረሃቡ ዘመን ከጎንደር በእግር የመጡ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ናቸው። የሚኖሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ትምህርት ቤቱ በሰጣቸው አንድ ክፍል ነው። ዓለም ላይ ያላቸው ያቺ ክፍልና ያ ጥቁር ሰሌዳ ብቻ ነበሩ።

«ማሩ፣ ፊደሉ ጎላ ብሎ የሚታይ ፈልግልኝ። ሌላውን አንተ ታውቃለህ።»

«ስክሪኑ ምን ያህል ይስፋ?»

«እንደ በር ይስፋልኝ።»

ሰፊ ስክሪን ያለው የዳይሬክተር ላፕቶፕ አገኘሁላቸው። ሊኑክስ ጫንኩ፣ የአማርኛ ፊደል አስገባሁ፣ ጽሑፉን አጎላሁት። ፈተና ያወጡበታል፣ ሱዳን ተወልደው ግማሹን በዓረብኛ ለሚያወሩት ልጆች ማንበቢያ ያዘጋጁበታል። ደስ ብሏቸው ሲሄዱ እኔም ደስ አለኝ።

ኸሪፍ ሲመጣ ተመለሱ። «ትንሽ ጨምርበት» አሉኝ። ጨመርኩ። በሚቀጥለውም መጡ፣ በሚቀጥለውም። አንዴ «የገዳሪፍ አቧራ ነው» ይላሉ፤ አንዴ «የዚህ ማሽን መብራት ደከመ መሰል» ይላሉ። እኔም «እውነትዎን ነው» እያልኩ ንጹሑን ስክሪን በጨርቅ እጠርግላቸዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን ሙሉ ይዞት ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ላፕቶፑን መለስኩላቸው።

በዚያው ሰሞን ከአንድ ካርቶን ውስጥ ስክሪኑ መንገድ ላይ የተሰበረ ላፕቶፕ ወጣ። ከሌላ ስክሪን ጋር በገመድ አያይዤ በፍላሼ አስነሣሁት። ዋይፋዩ አየ፤ ክዳኑ ሲከፈት ነቃ፤ ድምፁ እንደ ትልቅ ሬዲዮ ጥርት ብሎ ወጣ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከሊኑክስ ጋር እንዲህ የተስማማ ማሽን አላየሁም። ግን ስክሪን የሌለውን ላፕቶፕ ማን ይገዛል? ሓጅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡትና ጠዋት ጠዋት ቁርኣን ያዳምጡበት ጀመር።

ሊኑክስ ውስጥ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም እንዳለ ያወቅኩት እሱ ላይ ስጎረጉር ነው። ሌሎች በብዙ ገንዘብ የሚሸጡት ዓይነት፣ በእኛ ማዕቀብ ውስጥ ጨርሶ የማይገኘው፣ እዚህ በነፃ ተቀምጧል። አማርኛም ይሞክራል። አማርኛው አያድርስ ነው፤ ግን ይሰማል። መምህር ሲመጡ ፈራ ተባ እያልኩ አነሣሁት።

«መምህር፣ ለዓይን እረፍት እንዲሆን፣ የሚያነብልዎ ነገር...»

«ለእኔ? ለእኔ ማሽን ሊያነብልኝ?»

«አንዳንድ ጊዜ ሲደክምዎ...»

«ማሩ! የጠየቅሁህ ፊደሉን እንድታጎላ ነው። አይታይም ያልኩህ መቼ ነው?»

ላፕቶፓቸውን አቅፈው ተነሡ። የሱቁ ደፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙና ደረጃውን በጫማቸው ጫፍ ፈለጉት። ሓጅ ከኋላ ሆነው «መስኪን» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ጥላሁን መጡ። ሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። የቻርጀር ዋጋ ጠየቁና ዋጋውን ሳይሰሙ ወደ ነገራቸው ገቡ።

«አለባቸው ያያል?»

«ጋሼ ጥላሁን፣ እኔ የማየው ላፕቶፕ ነው።»

«አትሸሽገኝ እንጂ ልጄ። እኔም እወደዋለሁ። ግን ልጆቹ የእኛ ናቸው። ከአማርኛቸው ሌላ ከአገራቸው ምን ቀራቸው?»

ቻርጀሩን አውርጄ ሰጠኋቸው። መልስ አላስፈለጋቸውም። በሳምንቱ መምህር ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ፊት በተጻፈው ላይ ደርበው ነው የሚጽፉት። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። መምህር ግን ወደ ልጆቹ አልዞሩም፤ ጠመኔው እስኪያልቅ እዚያው ላይ ጻፉ። ያኔ ልጆቹ ሳቁን ተዉት። አቶ ጥላሁን ይህን የነገሩኝ ሱቃችን ደጅ ቆመው ነው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቢሆንም ኮሚቴው መምህርን አሰናበተ። የሚኖሩባት ክፍልም ለተተኪው መምህር ስለሚያስፈልግ ልቀቁ ተባሉ። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

መምህር በሪክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ በሚባለው፣ መጡ፣ የሾፌሩን ትከሻ ይዘው። ካርቱም ሄደው እንደነበር ያን ቀን ነገሩኝ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ይሄዳል ብሏቸዋል። ሰፊውን ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ያ ስክሪኑ የሞተው አለ?»

«አለ።»

«ዕውር ምን ይሻል ይባላል፣ ማሩ?»

የማያውቅ ሰው የለም፤ ብርሃን ነው መልሱ።

«በል፣ ይሄ ዕውር ድምፅ ነው የሚሻው» አሉ። «የእኔን ውሰድና ያን ስጠኝ።»

ሓጅ ተነሥተው ቁርኣን የሚያዳምጡበትን ማሽን ከመደርደሪያው አወረዱት። በራሳቸው ሻሽ አቧራውን ጠረጉለት። ለውጡን ሳያንገራግሩ ተቀበሉ፤ ከሰፊው ላፕቶፕ ሽያጭ የተረፈውም ለመምህር የቤት ኪራይ ሆነ። «ኸላስ፣ እኔ ሬዲዮ እገዛለሁ» አሉ፤ ከዚያ ወደ ሰላት ሄዱ።

ፊደሎቹን በጣት እንዲያገኟቸው በተመረጡ ቁልፎች ላይ የሙጫ ጠብታ አደረቅሁላቸው። ማሽኑን አስነሣሁትና የራሳቸውን ማንበቢያ አነበበላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ይሄ አማርኛ የየት አገር ሰው ነው?»

«ገና እየተማረ ነው፣ መምህር።»

«ማጥበቅና ማላላት አያውቅም። አንደኛ ክፍል ይደግማል» አሉና ሳቁ። ከተሰናበቱ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቤት የተከራዩት ከከተማው የእህል ጎተራዎች በስተጀርባ ነበር። መጀመሪያ ጥቂት ወላጆች ልጆቻቸውን ይልኩላቸው ነበር። ማሽኑ ያነባል፣ መምህር ያርማሉ፣ ልጆቹ ይደግማሉ። ከዚያ አንዱ ቤተሰብ ወደ ካርቱም ሄደ፣ አንዱ ወደ ሊቢያ፣ አንዱ በመተማ በኩል አገሩ ገባ። የቀሩት ልጆች አድገው ፋሽጋ ትራክተር ላይ ወጡ። አልፎ አልፎ ልጠይቃቸው ስሄድ የማሽኑ ድምፅ ከደጅ ይሰማኛል፤ ለባዶ ክፍል ሀ ሁ ሲል።

ሓጅ አረፉ። ሱቁን ልጃቸው ያዘው፣ እኔም ሽበት አበቀልኩ። አንድ ቀን ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ላፕቶፕ ፈትቼ ስክሪኑን ሳወጣ፣ ከመምህር ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ጭረት እንኳ የለበትም። ለዚያ ማሽን ስንት ዓመት ስክሪን ፈልጌ አጥቼ ነበር! በጠጋኝ ቤት የሞተ ስክሪን እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ረሳሁት ሲሉት ይነዝራል። ስክሪኑን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ካቻቢቴዬን ኪሴ ከትቼ በጭቃው ውስጥ ወደ ጎተራዎቹ ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

መምህር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ማሽኑን ጭናቸው ላይ አድርገውታል። እጃቸው የሙጫ ጠብታዎቹ ላይ ነው።

«መምህር፣ ማሩ ነኝ! ስክሪን አገኘሁለት! አሁኑኑ እገጥምልዎታለሁ!»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። አልተቆጡም።

«ለማን?» አሉ።

ስክሪኑን እንደጠቀለልኩት ይዤው ተመለስኩ።

ላፕቶፕ ምረጥልኝ ብሎ የሚመጣ ሁሉ ስለ ዋጋው፣ ስለ ዋይፋዩ፣ ሊኑክስ ስለ መቀበሉ ይጠይቀኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ለማን እንደሆነ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል።