ቡናማው መስታወት

በሆስፒታሉ የምርመራ ክፍል «ስስ እጅ» ይሏታል። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። ከታካሚ ተቆርጦ የመጣ ሥጋ ሰም ውስጥ ይቀበራል፤ እሷም ሰሙን በማሽን ምላጭ ከፀጉር እያሳሳች ትልጠዋለች፤ ልጣጩን ለብ ያለ ውኃ ላይ ታንሳፍፍና በመስታወት ታነሳዋለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ መስታወት አበላሸች ያላት የለም። ሰው ይህን ከረሳ ራሷ ታስታውሰዋለች።

በዚያ ዓመት የክፍሉ ሐኪም የሐሞት ቱቦ ካንሰርን ያጠና ነበር። ዕጢ ለማደግ ደም ይፈልጋል፤ አንዳንዱም መልእክት እየላከ አዳዲስ የደም ስሮችን ወደ ራሱ ይጠራል። የስስ እጅ ድርሻ የደም ስሮቹን ብቻ ቡናማ የሚያደርግ ቀለም መቀባት ነው። ቡናማው ሲበዛ ዕጢው ክፉ የመሆን ዕድሉ እንደሚሰፋ ሐኪሙ ነግሯታል።

ታላቅ ወንድሟ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዓይኑን ስታይ ማንኪያዋ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኗል እኮ!»

«ሠላሳ ዓመት ቢጫ መብራት ላይ ስቆም ተጋብቶብኝ ይሆናላ» ብሎ ሳቀ።

ሚስቱ አልሳቀችም። ለሳምንታት ገላውን ሲያክ እንደሰነበተ የምታውቀው እሷ ናት።

በሳምንቱ ተመረመረ፤ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በወሩ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። የወጣለት ዕጢ ሰም ውስጥ ተቀብሮ እህቱ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ሌላ ሰው እንዲሠራው ብትፈልግም ባልደረባዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ ነበረች። እንደ ምንም ቆረጠችው፤ ቀባችው። ሌላ ጊዜ አስቀድማ የምታየው ራሷ ናት። ያን ቀን ግን ወኔ ከዳትና ሳታይ ለሐኪሙ ሰጠችው።

ሐኪሙ ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበሰ መስታወቱን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ አንቀሳቀሰው።

«ምነው ዶክተር?»

«ምን ልበልዎት... ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው።»

ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እንባ እንኳ አልመጣላትም። ቆይቶ አንድ ነገር ከነከናት፤ ከዳር እስከ ዳር? የደም ስር እንደ ምንጣፍ አይነጠፍም! ተመልሳ ከዚያው ዕጢ የተዘጋጀውን ሁለተኛ መስታወት አነሳች። የሥራውን ትክክለኛነት ለመፈተሽ ተብሎ የደም ስር የሚለየው ፈሳሽ ሳይገባበት የሚዘጋጅ ነው፤ ቡናማ መሆን የለበትም። አየችው። እሱም ቡናማ ነው።

ወደ ፈሳሾቹ መደርደሪያ ዞረች። የጉበት አካባቢ ሥጋ በራሱ ቀለሙን የማስነሳት ባሕርይ አለው፤ ያንን አስቀድሞ ዝም የሚያሰኝ ፈሳሽ ይጨመርበታል። አሮጌው አልቆ ትናንት ያመጣችው አዲሱ የዚህ ፈሳሽ ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም።

«ዶክተር፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ! አንድ እርምጃ ዘልያለሁ!» አለች እየሮጠች ገብታ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። «ጥፋቱን እንዲህ ደስ ብሎት ያመነ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» አለ።

በማግሥቱ እያንዳንዱን እርምጃ ጮክ ብላ እየቆጠረች እንደገና ሠራችው። መፈተሻው መስታወት ያለ ቡናማ ጥርት ብሎ ወጣ። ዋናው መስታወት ላይ ደግሞ እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያሉ ቀጫጭን የደም ስሮች ብቻ ታዩ። የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ ነው፤ አጠገቡ የነበሩት ንፍፊቶችም ካንሰር የለባቸውም።

«ይሄ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ በየሦስት ወሩ መታየት አለበት» አላት ሐኪሙ። «ግን ይተንፍሱ እንግዲህ።»

ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ ወንድሟ ክፍል ወጣች። ውጤቱንም ስህተቷንም ሳትደብቅ ነገረችው።

«ልትገድይኝ ነበራ!»

«አንድ ሰዓት ያህል ገድዬህ ነበር፣ ጋሼ።»

ሊስቅ ሲል ስፌቱ ያዘውና ሆዱን ደገፈ። አጠገቡ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ግን ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶውም ወጣላት። ከዚያ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ እንዳስደገፈች፣ ስንት ሳምንት ያጣችው እንቅልፍ እዚያው ወንበሩ ላይ ይዟት ጭልጥ አለ። ወንድምና እህት እንዳይቀሰቅሷት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወሬያቸውን ቀጠሉ።