የእትዬ አፀደ የቁም ተዝካር

እትዬ አፀደ ሀብተ ማርያም በሰማንያ አራት ዓመታቸው የቁም ተዝካር ለማውጣት የወሰኑት ሞት ስለቀረባቸው አልነበረም፤ ልጆቻቸውን ስለሚያውቁ ነበር። «እኔ ዓይኔን ከጨፈንኩ በኋላ ትንሽ ሽሮ በጥብጠው፣ ድንኳን ተከራይተው፣ ፎቶ ተነስተው ይበተናሉ» አሏቸው ለቄስ ገብረሥላሴ። ቄሱ የንስሐ አባታቸው ናቸውና መገሠጽ ነበረባቸው፤ ግን ልጆቹን እርሳቸውም ስለሚያውቋቸው ጢማቸውን እያሻሹ ቀኑን ቆረጡላቸው።

አሰላ ውስጥ እትዬ አፀደን የማያውቅ የለም፤ የሚወዳቸውን ግን ፈልጎ ማግኘት ነው። በወጣትነታቸው ከሁሩታ ገብስ በአህያ እየጫኑ አሰላ ገበያ ይሸጡ ነበር። ባላቸው ቀድመዋቸው ሲሞቱ ወፍጮ ተከሉ፤ ከወፍጮው አይሱዙ ገዙ፤ ከአይሱዙው መጋዘን ሠሩ። በዚህ ሁሉ መሀል ሰውን መናቅ አላስታጎሉም። ነጋዴው ለእርሳቸው ሰነፍ ነው፤ ሹሙ ሆዳም፣ የተማረው ለፍላፊ። ድሃውንም ቢሆን አይምሩትም።

በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ፣ የጎተራው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ከአርቦዬ ድረስ የመጣ ሰው መጋዘናቸው በር ላይ ይሰለፋል። እርሳቸው ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ይከፍቱና ገብሱን በቁና እየሰፈሩ ስድቡንም አብረው ይሰፍሩታል። «ጆንያሽን ወጥሪው እንጂ! እጅ የለሽም? ተነሽ ከእግሬ ሥር፤ እግሬ እህል አይሰጥ!» አንድም ሰው ግን ባዶ ጆንያ ይዞ ተመልሶ አያውቅም። ሰዉ እጁን ዘርግቶ መመረቅ ሲጀምር በሩን ጥርቅም አድርገው ይዘጋሉ። ምስጋና ይቀፈኛል ይላሉ፤ ይህንንም ከልባቸው ያምናሉ።

አሁን ጉልበታቸው ከዳቸው። ቁልፉ ወደ አንድ ሰው መሄድ አለበት፣ አለበለዚያ የሚመጣው ክረምት ሰዉን ከተዘጋ በር ላይ ያገኘዋል። ትልቁ ልጃቸው ይበልጣል መጋዘኑን አፍርሶ ፔንሲዮን ሊሠራበት ፕላኑን አስነድፎ ጨርሷል። ሴት ልጃቸው ማሂ ከአዲስ አበባ እየደወለች «የእማማ ፋውንዴሽን» እያለች ታደርቃቸዋለች፤ ፋውንዴሽን የሚባለው በእትዬ አፀደ ዓይን ድሃን ግድግዳ ስር ደርድሮ ፎቶ የማንሳት ሥራ ነው። የቀረችው የሟቹ ልጃቸው የበእውቀቱ ሚስት ወርቅቱ ናት። አስተማሪ ናት፣ ጴንጤ ናት፣ ቤተሰቡም ከሰው አይቆጥራትም። ተዝካሩን ስትሰማ፣ «እማማ፣ እኔ ተዝካር አልበላም፤ ሥራ ካለ ግን እሠራለሁ» ብላ ፊት ለፊት ስለነገረቻቸው አኩርፈዋት ሰነበቱ።

ለልጆቻቸው አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጡ፤ ነዳያን ይቅደሙ፣ ሌላው በኋላ ይብላ። ቁልፉን ለማን እንደሚሰጡ በዚያ ቀን አይተው ሊወስኑ ነው። ይህን ያወቁት ቄሱ ብቻ ነበሩ።

ቀኑ ደረሰ፤ ከማለዳ ጀምሮ ይዘንባል። ግቢው ድንኳን ለበሰ። ከመድረኩ በላይ የእትዬ አፀደ ፊት ተሰቀለ፤ ባነሩን የሠራው ልጅ ተዝካር ሲባል ሰምቶ ግራና ቀኝ የሚነድ ሻማ ሥሎበታል። ካህናቱ ጸሎታቸውን ካደረሱ በኋላ ይበልጣል ማይክሮፎን ጨብጦ የእናቱን የሕይወት ታሪክ ማንበብ ጀመረ። «ሩኅሩኋ፣ ትሑቷ፣ ክፉ ቃል ከአንደበታቸው ወጥቶ የማያውቀው እናታችን...» ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ወተፉ። አንዱ ባለ ከረባት ገበሬም ነጋዴም ያልሆነ ሰውዬ፣ ምን እንደበላ እንጂ ለምን እንደመጣ የማያውቅ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ማሂን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አላት። እሷም አንገቷን ሰብራ «አሜን» አለች።

«ገና ነኝ!» አሉ እትዬ አፀደ ከጎኗ፣ ዱላቸውን መሬቱ ላይ እየደቁ።

ንባቡ ሲያልቅ ዓይናቸውን ድንኳኑ ውስጥ አንከራተቱ። ከረባት አለ፣ ወርቅ አለ፣ ሽቶ አለ፤ ቡትቶ የለበሰ አንድ ሰው የለም።

«ነዳያኑስ?»

«ውጭ ናቸው እማማ» አለች ማሂ። «በፌስታል ይሰጣቸዋል። እዚህ ቪዲዮ እየተቀረጸ አይደል?»

«ደንቆሮ» አሉና ዱላቸውን አንስተው በዝናቡ ወደ በሩ አዘገሙ። ሳይደርሱ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። ወርቅቱ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ፣ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይዟት፣ ሰዉን ታስገባለች። «ኮታ፣ ሴና! ግቡ እንጂ! ምን ትገትሩታላችሁ? አንቺ፣ ልጁን አስቀድሚ። አትጋፉ፣ ወጡ ሞልቷል!» ድንኳኑ ውስጥ ገብታም የይበልጣልን ወዳጆች ከአግዳሚው አስነሳቻቸው። «እናንተ ጠግባችኋል። ለእነዚህ ልቀቁ።»

ይበልጣል ቱግ አለ። «ተዝካሩን እንኳ የማትበዪ ምን ቤት ነሽ?»

«እኔ አልበላም። እነሱ ግን ርቧቸዋል።»

እትዬ አፀደ ወርቅቱን በዱላቸው ጠቅሰው ወደ መጋዘኑ ጥግ ወሰዷትና ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ። «እንኪ። ሐምሌ ሲገባ ክፈቺ። ስፍሩን ከነገብሱ ለአንቺ ትቼልሻለሁ።»

ወርቅቱ እጇን አልዘረጋችም። «እማማ፣ መጀመሪያ ይወቁት። እህሉን የሚወስዱት ሰዎች ማን ሰጠን ቢሉኝ እግዚአብሔር ነው የምላቸው። ስምዎን አልጠራም፣ ፎቶዎን አልሰቅልም። ይህ ካልተስማማዎ ለይበልጣል ይስጡት።»

ምን ስም፣ ምን ፎቶ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ግን ድንኳኑ ላይ አረፈ። ድንኳኑን ማን አስተከለው? ያን ሁሉ ሰው ማን ጠራው? ይበልጣል ታሪካቸውን ሲያነብ፣ በገንዘባቸው ያስከደኑትን የሁሩታውን ትምህርት ቤት ጣሪያ ሳይጠቅስ ሲያልፍ የከፋቸው ለምን ነበር? የመጋዘኑ በር ከተዘጋ በኋላም እርሳቸው ወዲያው ሄደው አያውቁም፤ በሩን ከውስጥ ተደግፈው ምርቃቱ እስኪያልቅ ይሰሙ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲንቁ ኖረው፣ የሚናቀውን ነገር ገና አሁን አገኙት፤ ራሳቸው ውስጥ ነበር። አፈሩ።

ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጡላት። ከዚያ ግን ክንዷን አልለቀቁትም። «ለልጆችሽ...» አሉ። «ለሌላው ይቅር። ለበእውቀቱ ልጆች እንኳ አፀደ የምትባል ነበረች ብትያቸው?» በዚህ ድምፅ ማንንም ለምነው አያውቁም።

ወርቅቱ ዝናቡ ከፊታቸው ላይ ሲወርድ አየችና በነጠላዋ ጠረገችላቸው። «እነግራቸዋለሁ። ስድብዎን ጭምር ነው የምነግራቸው።»

«ንገሪያቸው» አሉ እትዬ አፀደ። «ስድቡን አታስቀሪ።»